ሙጫ፣ ጎማና ባሕር

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ለታሪክ ያለኝ ፍቅር ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን መነሻው አንድ ትንሽ ውርደት ነው። በምኖርባት በስዊድን ምዕራባዊ ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ከአንድ ጡረተኛ ላይ ያረጀች ግራጫ የጎማ ጀልባ ገዛሁ። ጎኗ ላይ ገመድ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት ያለው ልጥፍ ግማሹ ተላጦ ነበር። ለጥጋኝ ገንዘብ ከመክፈል እኔው እሠራዋለሁ አልሁ። ሥራዬ ቀዶ ጥገና ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍሁት ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ቆዳ ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ገላ ሳዛውር ነው። የሰው ቆዳ የለጠፈ እጅ ጎማ መለጠፍ የሚያቅተው አልመሰለኝም። ሙጫ ቀባሁ፤ ልጥፉን አስቀመጥሁ፤ ሌሊቱን ድንጋይ ጫንሁበት። በማግስቱ ከወደቡ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳልርቅ ልጥፉ ከነቀለበቱ፣ ከነገመዱና ከነመልሕቁ ባሕር ገባ።

ጎረቤቴ ዕድሜውን ሁሉ ጀልባ ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ ነው። የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ጀልባዋ ከምን ዐይነት ጎማ እንደ ተሠራች፣ ሙጫውን ከቀባሁ በኋላ ምን ያህል እንደ ጠበቅሁ፣ ዕለቱ ዝናባማ እንደ ነበረ። አንዱንም በቅጡ መመለስ አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ክረምቶች ከእርሱ መጋዘን እየተቀመጥሁ የተማርሁትን፣ ከዚያም ተነሥቼ በመጻሕፍት ውስጥ ያገኘሁትን ነው እዚህ የማካፍለው። አንባቢ ሆይ፣ አንድ ሐኪም ስለ ጀልባ ሙጫ ምን አገባው ትል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልሁት ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን የጎማን ጀልባ ታሪክ ወደ ኋላ በተከተልሁት ቁጥር በየመታጠፊያው የሚጠብቀኝ ሐኪም ሆኖ አገኘሁት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ሥራው ራሱ ልናገር። የዛሬ የጎማ ጀልባዎች በአመዛኙ ከሁለት ዐይነት ነገር ይሠራሉ። አንደኛው ሃይፓሎን የሚባለው፣ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ከ1950ዎቹ መባቻ ጀምሮ ለገበያ ያቀረበውና በ2010 ማምረቱን ያቆመው፣ ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎች በሌላ ስም የሚሠሩት ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ፀሐይን ይችላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሁለተኛው ፒቪሲ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ኀይለኛ አሟሚ ሲነካው ገጹ ይለሰልስና ይጣበቃል። ለአንደኛው የሚስማማው ሙጫ ለሁለተኛው አይስማማም። ሃይፓሎን ከኒዮፕሪን የተሠራ ሙጫ ይወዳል፤ ፒቪሲ የፖሊዩሬቴን ሙጫ ይፈልጋል። ሁለቱም ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቀው ወዲያው የሚሠራባቸው ናቸው። እኔ የቀባሁት የብስክሌት ከመነዳሪ የሚለጠፍበትን ሙጫ ነበር። የደም ዐይነት ሳይመረምሩ ደም እንደ መስጠት ያለ ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የልጥፉ ማእዘን ሁሉ ይከበባል፤ ስለታም ማእዘን የመላጥ መነሻ ነውና። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ልጥፉ በየአቅጣጫው ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ያልፈዋል። ሃይፓሎን ከሆነ ሁለቱም ገጾች አንጸባራቂነታቸው እስኪጠፋ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋሉ፤ አቧራው በአሟሚ ይጠረጋል፤ ከዚያ ወዲያ በጣት አይነካም፤ ከጣት የሚወጣው ቅባት ብቻውን ሥራውን ያበላሻልና። ሙጫው በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ዳግመኛ ይቀባል፤ በጣት አንጓ ሲነኩት ይዞ የሚለቅ እስኪሆን ይጠበቃል። ከዚያ ልጥፉ ይቀመጣል፤ ከመካከል ወደ ዳር በመዳመጫ እየተገፋ አየሩ ይወጣል። ጀልባዋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ ሳትነፋ ትተኛለች።

ሽማግሌው ስለ ዝናቡ የጠየቀኝም በከንቱ አልነበረም። የሙጫው አሟሚ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ መርፌ ከመወጋታችን በፊት በአልኮል የተጠረገ ክንዳችን እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። አየሩ እርጥበት ካለው በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ዐይን የማያየው ጤዛ ይወርዳል፤ ሙጫው የያዘ ይመስላል እንጂ የያዘው ውሃውን ነው። ቆዳ ስንለጥፍም ከሥሩ ደም ወይም ውሃ ከተጠራቀመ ቆዳው አይይዝም፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደ ነገርኋቸው እያሰብሁ አፈርሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ ያስፈልገኛልና። ሙጫ ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱን ይችለዋል፣ ሌላውን አይችለውም። ልጥፉን ከተለጠፈበት ገጽ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ብትጐትቱት መዳፍ የምታህል ልጥፍ የአንድ ሰው ክብደት ትሸከማለች። ከዳሩ ይዛችሁ ወደ ላይ ብትልጡት ግን፣ የበሰለ እንጀራ ከምጣዱ ጠርዝ እንደሚነሣው ሁሉ፣ ጥቂት ጉልበት ይበቃዋል። ስለዚህ ነው የገመድ ቀለበት የሚጣበቀው ጉልበቱ በገጹ ላይ እንዲሄድ ተደርጎ እንጂ ወደ ላይ እንዲስብ ተደርጎ የማይሆነው። ጀልባ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቅ፣ ወይም እያወቀ ግድ የሌለው፣ ገዳይ ነው።

በአየር የተነፋ ነገር ይዞ ውሃ መሻገር ጥንታዊ ነው። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ካሉት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው ምእተ ዓመት ከነገሠው ከአሦሩ ንጉሥ ከዳግማዊ አሹርናስርፓል የኒምሩድ ቤተ መንግሥት ከመጡት የድንጋይ ቅርጾች በአንዱ ላይ ወታደሮች የተነፋ የፍየል ቆዳ ደረታቸው ሥር አድርገው ወንዝ ሲሻገሩ ይታያሉ፤ አንዱ እየዋኘ ቆዳውን በአፉ ይነፋል። ይህን ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁበት ቀን ትዝ ያለችኝ ጎጃሜዋ አያቴ ናት። አባቷ በአባይ በረሃ ሲነግዱ ስልቻ ነፍተው አፉን በጠፍር አስረው እንዴት እንደሚሻገሩ ትነግረን ነበር። አዞውን ስትተርክ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ስለ ነበር እኛ የምንሰማው አዞውን ብቻ ነበር፤ ስልቻውን ልብ ያለው አልነበረም።

ቆዳ ግን ይበሰብሳል፤ ያዠማል። ጨርቅን አየር የማያሳልፍ ማድረግ የተቻለው ጎማን ማሟሟት ሲቻል ነው፤ የመጀመሪያው ሐኪም የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ጄምስ ሳይም በ1818 በኤድንበራ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣ ናፍታ የሚባል ተናኝ ፈሳሽ (ከእኛ ናፍጣ ጋር አይምታታ) ጎማን እንደሚያሟሟ ደረሰበትና በጽሑፍ አወጣው። የባለቤትነት መብት ግን አልጠየቀበትም። መብቱን በ1823 የወሰደው የግላስጎው ኬሚስት ቻርልስ ማኪንቶሽ ነው፤ የሟሟውን ጎማ በሁለት ጨርቆች መካከል ቀብቶ አጣበቃቸው። የዝናብ ካፖርት ዛሬም በእንግሊዝኛ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ሳይም ወደ ቀዶ ጥገናው ተመለሰ፤ በስሙ የሚጠራውን በቁርጭምጭሚት ላይ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ትቶልን ሄደ፤ ልጁን በ1856 ያገባው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከመመረዝ የሚጠብቀውን ዘዴ በኋላ አስተማረን። የኪሱን ሀብት በለጋ ዕድሜው ለሌላ የሰጠ ይህን ሰው እኔ እወደዋለሁ።

የማኪንቶሽ ጨርቅ በብርድ ይደርቃል፤ በሙቀት ይቀልጣል። ይህን ችግር ያስወገደው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር ነው፤ በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት ማብሰልን አገኘ፣ በ1844 መብቱን አስመዘገበ፣ በ1860 በዕዳ ተዘፍቆ ሞተ። የበሰለ ጎማ ግን አይሟሟምና ለሙጫ እምቢተኛ ነው። ዛሬ በብርጭቆ ወረቀት የምንፈገፍገው ስለዚህ ነው።

በዚያው በ1844 አካባቢ ፒተር ሃልኬት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መኮንን በማኪንቶሽ ጨርቅ አንድ አስቂኝ ነገር ሠራ፤ የሚለበስ ጀልባ። ሲለብሱት ካባ ነው፤ ሲነፉት በአራት ክፍል የተከፈለ ጀልባ ይሆናል። ወናፉ በኪስ ይያዛል፤ ከዘራው መቅዘፊያ፣ ጃንጥላው ሸራ ይሆናል። የባሕር ኀይሉ ሹማምንት ብልሃቱን አድንቀው ለሥራ አይሆነንም አሉት። ዋጋውን ያወቀለት ሌላ ሐኪም ነበር። የኦርክኒ ደሴቱ ተወላጅ ዶክተር ጆን ሬይ፣ በኤድንበራ የሠለጠነ ሐኪም፣ በ1846 በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ምድር ባደረገው ጉዞ የሃልኬትን ጀልባ ይዞ ሄደ። የአገሬውን ሰዎች አለባበስና አኗኗር ተምሮ እንደ እነርሱ የኖረ፣ የጠፋውን የሰር ጆን ፍራንክሊንን ጉዞ መጨረሻ ከእነርሱ አፍ ሰምቶ በ1854 ለለንደን ያሳወቀ እርሱ ነው፤ የነገሩትን አምኖ በመናገሩም ብዙ ተነቅፏል። ጀልባው ዛሬ በኦርክኒ ስትሮምነስ ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ሄጄ አይቼዋለሁ። ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ነው፤ የማገጣጠሚያውን መስመር በዐይኔ እየተከተልሁ ብዙ ቆምሁ፤ ጠባቂዋ ቀረብ ብላ ደኅና መሆኔን ጠየቀችኝ።

እስካሁን ያወራሁት ጎማው ስላገለገላቸው ሰዎች ነው። ያገለገሉትስ? የእንግሊዙ አሌክሳንደር ፓርክስ በ1846 ጎማን ያለ እሳት የሚያበስል ብልሃት አመጣ፤ ጎማው ካርቦን ዳይሰልፋይድ በሚባል ተናኝ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። በፓሪስ ፊኛና ሌላም በአየር የሚነፋ ቀጭን ጎማ የሚሠሩ ድኾች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም በሚተኙበት ቤት፣ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን በዚህ ውስጥ ሲነክሩ ይውሉ ነበር። ኦጉስት ዴልፔሽ የሚባል የፓሪስ ሐኪም በ1856፣ ከዚያም በ1863 በስፋት፣ ያየውን ጻፈ፤ ራስ ምታት፣ ቅዠት፣ የእጅና የእግር መዛል፣ የማስታወስ መጥፋት፣ የወንድነት መድከም፣ ከዚያም እብደት። በሙያ በሽታ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሐዘን ያለበት ጽሑፍ ጥቂት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1960ዎቹ በጃፓን በቤታቸው ጫማ የሚለጥፉ ሰዎች እግራቸው እየሰነፈ መሄድ ሲያቅታቸው ጥፋተኛው በሙጫው ውስጥ ያለ ሄክሴን የሚባል አሟሚ ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ራሱ ይህን አሟሚ ሲያላምጠው ነርቭን ወደሚገድል ነገር ይለውጠዋል። የእኛንም አገር ሳላነሣ አላልፍም። በልጅነቴ በአዲስ አበባ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ አንድ ጎሚስታ ነበሩ፤ ከመነዳሪውን በሞረድ ፈግፍገው ማስቲሹን ቀብተው እፍ እያሉ ይጠብቃሉ፤ ልጥፉን ቸኩለው አይጭኑም። ያኔ አይቼው ባልተማርሁት ነገር ነው ስዊድን ድረስ መጥቼ የተዋረድሁት። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ለጉብኝት ስመለስ ግን ማስቲሽ ሌላ ትርጉም ይዞ ቆየኝ። የጎዳና ልጆች በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ረኃባቸውንና ብርዳቸውን የሚያስረሱበት ነበር። በውስጡ ያለው ቶሉዊን የአንጎልን ነጭ ክፍል ያመነምናል፤ ኩላሊትን ያናጋል። ከስታዲየም አጠገብ አንዱን ልጅ ለምን ታሸታለህ ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ሲሸትዎት ቤት ያለ ይመስልዎታል» አለኝ። ዕድሜው ዘጠኝ ቢሆን ነው።

ወደ ጀልባው ልመለስ። ዛሬ የምናውቀው የጎማ ጀልባ የተወለደው ከአየር መርከብ ነው። ዞዲያክ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ፊኛና የአየር መርከብ ይሠራ ነበር፤ ጨርቅን በጎማ ለብጦ አየር እንዳያሳልፍ አድርጎ መለጠፍ ዕውቀቱ ነበር። በ1930ዎቹ መሐንዲሱ ፒዬር ደብሩቴል ይኸው ዕውቀት ወደ ውሃ እንዲወርድ አደረገ፤ ከኋላ የእንጨት ግድግዳ ያላት፣ የዩ ቅርጽ ያላት ጀልባ ሠራ። ጀልባዋን ዝነኛ ያደረጋት ግን ኩባንያው አይደለም። አሁንም ሐኪም ነው።

አላን ቦምባር በቡሎኝ ወደብ ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ነበር። በ1951 አንዲት የዓሣ መርከብ ተሰብራ ከ40 በላይ መርከበኞች ሞተው ሲመጡ አየ። ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ መርከብ የሰጠመባቸው ሰዎች የሚሞቱት በረኃብና በጥም ሳይሆን በተስፋ መቁረጥ ነው፤ ባሕሩ ራሱ ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል። ሐሳቡን በገላው ለማስመስከር 4.65 ሜትር በምትረዝም የዞዲያክ ጀልባ፣ መናፍቅ ብሎ ስም ባወጣላት፣ ጥቅምት 19 ቀን 1952 ከካናሪ ደሴቶች ብቻውን ተነሣ። ዓሣ ጨምቆ ጭማቂውን ጠጣ፤ በጨርቅ ወንፊት ከባሕሩ ጥቃቅን ሕያዋንን አጣርቶ በላ፤ የባሕር ውሃም በጥቂት በጥቂቱ ጠጣሁ አለ። ከ65 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ ባርቤዶስ ሲደርስ 25 ኪሎ ቀንሶ ነበር። ጀልባዋ ግን አልተላጠችም።

በኦዴሳ የሕክምና ተማሪ ሳለሁ የቦምባርን መጽሐፍ በሩስኛ ያላነበበ ወንድ ተማሪ አላውቅም። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ኡፊምካ በምትባል በኡፋ ከተማ በተሠራች የጎማ ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ እንወጣ ነበር፤ ከወደቡ ብርሃን ራቅ ስንል እያንዳንዳችን ቦምባር ነበርን። አንዱ የባሕር ውሃ ጠጥቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። ሳቅንበት።

በዚህ ላይ መሳቅ እንደማይገባ ያስተማረኝ ሌላ ሐኪም ነው፤ ጀርመናዊው ሐነስ ሊንደማን። ላይቤሪያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቦምባርን አላመነውም። በ1955 ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ፣ በ1956 ደግሞ ጎኗ በአየር ቱቦ በተደገፈ ተጣጣፊ ጀልባ አትላንቲክን ብቻውን ተሻገረና፣ የባሕር ውሃ መጠጣት ጥምን አያስታግሥም፣ ይገድላል ብሎ ደመደመ። ከኩላሊት አሠራር አንጻር እውነቱ ከሊንደማን ጋር ነው። የባሕር ውሃ ከመቶ ሦስት ተኩል ያህሉ ጨው ነው፤ የሰው ኩላሊት ያን ጨው ለማስወጣት ከጠጣነው በላይ ውሃ ከገላችን መጨመር አለበት። ቦምባርን ዕድል ከዝናብና ከዓሣ ጋር አገናኘው፤ ሁሉም ሰው ያ ዕድል የለውም። እርሱ ራሱ ደግሞ በ1958 በብሪታኒ ኤቴል ከሚባል ቦታ በነፍስ አድን የጎማ ታንኳ ሙከራ ሲያደርግ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ድፍረቱን አላቃልልም፤ የነፍስ አድን ታንኳ በየመርከቡ እንዲኖር የገፋ ሰው ነው። ሐኪም በራሱ ገላ የሞከረው ነገር ለሌላው ገላ ማስረጃ እንደማይሆን ግን ከእርሱ በላይ የሚያስተምር ታሪክ አላገኘሁም።

በእኛው ወንዝ ላይ ስለ ተደረገው ጥቂት ልበል። በ1968 ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራው የእንግሊዝ ወታደሮችና ምሁራን ቡድን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አባይን ሲወርድ ከጣና በታች ባለው ድንጋያማ ክፍል የተጠቀመው አቮን በሚባለው ኩባንያ በተሠሩ ትናንሽ የጎማ ጀልባዎች ነበር። አንድ ወታደር ሰጠመ፤ ሽፍቶችም ተኮሱባቸው። በ1973 ደግሞ አሜሪካውያን ወጣቶች ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረዱ። አያቴ በሕይወት ብትኖር፣ ፈረንጆቹ በስልቻ ነው የሚሻገሩት፣ ምን አዲስ ነገር አለው፣ ባለች ነበር። በዌልስ የአትላንቲክ ኮሌጅ ተማሪዎችና መምህራቸው አድሚራል ዴዝመንድ ሆር በ1960ዎቹ ከሥሯ ጠንካራ፣ ከጎኗ የተነፋች ጀልባ ፈልስፈው ለእንግሊዝ የነፍስ አድን ማኅበር በ1 ፓውንድ መስጠታቸውንም ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

በመጋቢት 2011 መጨረሻ፣ የሊቢያ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ 72 ሰው የጫነች የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሣች። ከ72ቱ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የቀሩት ከናይጄሪያ፣ ከኤርትራ፣ ከጋናና ከሱዳን። ሁለት ሕፃናት ነበሩባት። ነዳጁ አለቀ። በሳተላይት ስልክ ሮም ላሉት ለኤርትራዊው ቄስ ለአባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ፤ እርሳቸውም ለጣሊያን የባሕር ጠባቂ አሳወቁ፤ ጥሪው ለአካባቢው መርከቦች ሁሉ ተላለፈ። አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ውሃና ብስኩት ጥሎላቸው ሄደ። ባሕሩ በጦር መርከቦች ተሞልቶ ነበር። ማንም አልመጣም። ጀልባዋ ለሁለት ሳምንት ስትንሳፈፍ ቆይታ ሚያዝያ 10 ቀን ወደዚያው ወደ ሊቢያ፣ ዝሊጠን ወደሚባል ጠረፍ፣ ተመለሰች። በሕይወት የተገኙት 11 ነበሩ፤ ሁለቱ ወዲያው ሞቱ። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ በኔዘርላንዳዊቷ ቲኔከ ስትሪክ መሪነት መርምሮ በ2012 ያወጣውን ዘገባ በአንድ ሌሊት አንብቤ ጨረስሁ። የተረፉት የባሕር ውሃና ሽንታቸውን መጠጣታቸውን ተናግረዋል። ኦዴሳ ላይ የሳቅንበት ልጅ ትዝ አለኝ። ልብ በሉ፤ ያቺ ጀልባ ሁለት ሳምንት ተንሳፍፋለች። ሙጫው ይዞ ነበር፤ የለቀቀው ሌላ ነው።

በኋላ ግን ሙጫውም መልቀቅ ጀመረ። ከ2015 ጀምሮ የአውሮፓ መርከቦች የአሸጋጋሪዎችን የእንጨት ጀልባዎች እየያዙ ሲያጠፉ፣ አሸጋጋሪዎቹ አንድ ጉዞ ብቻ እንድትችል ተደርጋ ወደምትሠራ ርካሽ የጎማ ጀልባ ዞሩ። ጎማዋ ስስ፣ ማገጣጠሚያዋ ጠባብ፣ ወለሏ ተራ ኮምፔንሳቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2017 የጎማ ጀልባና የጀልባ ሞተር ወደ ሊቢያ እንዳይሸጥ ገደበ። ከዚያ በፊት በነበረው በ2016 ብቻ በሜዲትራኒያን ከ5,000 በላይ ሰው ሞቷል።

በዚያ ዓመት በሲሲሊ ደቡባዊ ጠረፍ ሦስት ሳምንት በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ከጎማ ጀልባ የሚወርዱ ሴቶችን ጭን፣ መቀመጫና እግር የሚበላውን ቃጠሎ ያየሁት ያኔ ነው። ሴቶቹ ለደኅንነታቸው ተብሎ በጀልባዋ መካከል፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከጄሪካን የፈሰሰው ቤንዚን ከባሕር ውሃ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠራቀመው እዚያው ነው። ለሰዓታት ሲቀመጡበት ቆዳው ይቀቀላል። አንዲት የወሎ ልጅ ስመረምራት «ዶክተር፣ ጀልባው እኮ ደኅና ነበር፤ እኛ ነን የተቃጠልነው» አለችኝ። ከጭኗ ከላይ ጤነኛ ቆዳ ወስደን ለጠፍንላት ብለው ከሆስፒታሉ በኋላ ጻፉልኝ። ይዟል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚከነክነኝ ስልክ ነው። በ2016 የጸደይ ወራት አንድ ማታ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የእኅቴ ልጅ ነበር፤ ሊቢያ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ የጎማ ነው ይላሉ። እርስዎ ጀልባ አለዎት አይደል? ደኅና ነው?»

ምን እንደ መለስሁለት በደንብ አስታውሳለሁ፤ ብረሳው በወደድሁ። አየሩ በስንት ክፍል የተከፈለ እንደ ሆነ እንዲያይ፣ ማገጣጠሚያው ከአራት ጣት የጠበበ ከሆነ እንዳይሳፈር፣ በጥፍሩ ጠርዙን እንዲሞክረው፣ ከተነሣ እምቢ እንዲል ነገርሁት። ስለ ቦምባር እንኳ አንሥቻለሁ። ትምህርት ሰጠሁት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። ጀልባ ለመመርመር ማን ጊዜ ይሰጠዋል፤ ማንስ እምቢ እንዲል ይፈቅድለታል ብዬ ሳላስብ ስልኩን ዘጋሁ። ዐሥራ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ።

ተረፈ። ዛሬ በጀርመን አገር በመኪና ጎማ ጥገና ሥራ ይተዳደራል፤ ቤተሰባችን ጎሚስታ ይለዋል፤ እርሱም አይከፋውም። ስለዚያ ሌሊት ያወራኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እርሱ ራሱ ፈቅዶ ነው። ጎህ ሲቀድ በግራ በኩል ማገጣጠሚያው ከጫፉ ተነሣ። አንዱ ጋናዊ መዳፉን ጫነበት። ሲደክመው ሌላው ተካው። በሰልፍ ሆነው፣ ከተላጠው ጎን ያሉት ሁሉ በተራ፣ መርከብ እስኪያያቸው ድረስ በእጃቸው ይዘውት ቆዩ።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አልሁት።

«አልቆጠርነውም ጋሼ። ተራ ነበር የምንቆጥረው።»

ባለፈው በጋ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ጀልባዋ ላይ ና ውጣ አላልሁትም። መትከያው ላይ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ቆይቶ፣ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ፣ ጥፍሩን በማገጣጠሚያዋ ላይ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አስኬደው። ከዚያ ባለፈው ዓመት የለጠፍሁትን የቀለበት ልጥፍ አየና ማእዘኑ በደንብ አልተከበበም፣ ከዚህ ይጀምራል አለኝ። ትክክል ነበር። በማግስቱ ጀልባዋን ጎትተን አወጣናት፤ ልጥፉን እርሱ አነሣው፣ እርሱ ቆረጠው፣ እርሱ ፈገፈገው። ማሰሮውን ከመክፈቱ በፊት ስለ እርጥበቱ ጠየቀኝ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ይመለከተው ነበር፤ ምንም አላረመውም።